የታጠበው ቅል

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስኖር ጤና ረዳት ነበርኩ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ቤቱን እንዳሻኝ እቀቅለው ነበር፤ ጡጦውን፣ ማንኪያውን፣ የልጄን መጫወቻ ሳይቀር። ዛሬ ሐኪሞች የሕፃን አንጀት ደግ ደጉን ባክቴሪያ በጊዜ መልመድ አለበት ይላሉ። እኔ ያኔ የማውቀው በሁሉም ጀርም ላይ እርምጃ መውሰድ ብቻ ነበር። በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይም የጎረቤቴን የእርጎ ቅል፣ እሷው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «የጀርም ምሽግ!» ብዬ አጋለጥኩት። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ጎረቤቴ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቀረች።

ይህን ሁሉ ቀቅዬም የልጄ ሆድ አልጸና አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተቅማጥ አከሳው፤ የክሊኒኩን መድኃኒት ጨርሶም የሰጡትን ሁሉ ይተፋል። ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። አማቴ ከቢስቲማ የእርጎ ቅላቸውን ይዘው ደረሱ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» ብለው በማንኪያ ሲያቀምሱት ዋጠ። በአራተኛው ቀን መሳቅ ጀመረ።

በአምስተኛው ቀን አማቴ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ቅሉን አጮልቄ አየሁት፤ ውስጡ ጠቁሯል፣ ይሸታል። እጄን በላኝ። በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

አማቴ ሳያውቁ ወተት ጨመሩበት። በነጋታው የወጣው እርጎ ሳይሆን የሚከረፋ ውሃ ነበር። አማቴ ቅሉን ሲያሸቱት ሳሙና ሳሙና አላቸው።

«ወላሂ ገደልሽው! ስንት ዘመን ያኖርኩትን እርሾ!»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው እማማ።»

«ቆሻሻ ያልሽው እኮ ነው ወተቱን የሚያረጋው!»

ልጄ ሌላ ነገር አልቀምስም ብሎ አፉን ገጠመ፤ ተቅማጡም ተመለሰ። ቢስቲማ ሩቅ ነው። በሰፈሩ እርጎ የማይጠፋበት ቤት ደግሞ ያ ያጋለጥኩት ቤት ብቻ ነበር። ኩባያ ይዤ ሄድኩ።

ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ኩባያዬን አየች። «ጀርም ልትለምኚ መጣሽ?»

«አዎ፣ እባክሽ። ልጄን…»

ሳልጨርስ ኩባያውን ከእጄ ነጥቃ ሞላችልኝ። ስትሰጠኝ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም። «እሑድ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆመሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ» አለችኝ።

እሑድ ደረሰ፤ ቆምኩ። «ጓዶች፣ ቅል በማጠቤ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ምን በማጠብሽ?» አለች ሊቀ መንበሯ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቀና ስል ልጄ እጎረቤቴ ጭን ላይ ተቀምጦ ከቅሏ የተቀዳ እርጎ ይልሳል፤ አፍንጫው ድረስ ነጭ ሆኗል። ጎረቤቴ ማጨብጨብ ጀመረች። እሱም እሷን አይቶ፣ በዚያ ባልታጠበ እጁ፣ አጨበጨበልኝ።