ለሁለት የተሰነጠቀው ጥንግ

ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን መዝናኛ ክበብ ቴሌቪዥኑ የዓመቱን የበረዶ ላይ ሆኪ ሻምፒዮናዎች እያሰባሰበ ያሳይ ነበር። ዋንጫ የሚያነሱ፣ ክብረ ወሰን የሰበሩ፣ ጥርሳቸው የወለቀ ተጫዋቾች ይታያሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ፣ «እነዚህ ደግሞ በረዶ ላይ ነው እንዴ ገና የሚጫወቱት?» ብላ አሳቀችን። እኔን ግን ዱላ ከዱላ ሲጋጭ የሚወጣው ደረቅ ድምፅ ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ገብሬ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ገብሬ ቦንጋ ውስጥ የሰፈራችን አናጢ ነበሩ። በረንዳቸው ሁልጊዜ የወይራ ፍቅፋቂ ይሸታል፤ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ፣ ከመስኮታቸው ላይ በላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ አትጠፋም። ለገና ጨዋታ ዱላውን በተፈጥሮው ከተቆለመመ ቅርንጫፍ ይመርጣሉ፤ ጥንጉን፣ ማለት የምንጫወትበትን የእንጨት ኳስ፣ ከወይራ ሥር ይጠርባሉ። የተጠረበው ጥንግ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ተቀምጦ ጭስ ይጠጣል። ሳይደርቅ ሜዳ አይወጣም።

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ለሰፈራችን ቡድን የድል ዓመት ነበር። የቦንጋን ሰፈሮች በሙሉ አሸነፍን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ወጥተን ሺሺንዳን በሜዳዋ ረታን። ለመጀመሪያ ጊዜም ሴት ልጅ አሰለፍን፤ ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። «ዱላው ወንድ ሴት አይልም» ብለው ያስገቡኝ ጋሽ ገብሬ ናቸው። የሳቁብኝ ብዙ ስለነበሩ አንድ ጎል፣ አንድ ብቻ፣ ማግባት ፈለግሁ።

ሺሺንዳ ላይ ግን ጥንጋችን ጫካ ገብቶ ቀረ። ከደካ መንደር ቡድን ጋር ለዋንጫ ልንጋጠም ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረን። ጋሽ ገብሬ ከእርጥብ ሥር አዲስ ጠረቡ።

በጨዋታው ዕለት ሁለቱም ወገን ለዳኝነት የተስማማው በእሳቸው ነበር። ሁለት ለሁለት ሆነን ሳለ ጥንጉ እየተንከባለለ ወደ እኔ መጣ። ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግማሹ እግሬ ሥር ቀረ፣ ግማሹ የደካዎች ጎል ውስጥ ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ።

«ግማሽ ጎል ይቁጠሩላቸው!» አለ አንድ የደካ ሰው። ሜዳው ሙሉ ሳቀ።

ጋሽ ገብሬ አልሳቁም። ሁለቱን ስባሪ አንስተው ውስጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እርጥብ ነበር።

«አልተቆጠረም» አሉ።

«ጋሼ! የማን ወገን ነዎት?» ብሎ ጮኸ አምበላችን።

«ጥንጉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳይደርቅ አወጣሁት። በእኔ ጥፋት ደካ አይሸነፍም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምትሽ ግን እንከን አልነበረውም።»

ደካዎች ይዘውት በመጡት ጥንግ ጨዋታው ቀጠለ፤ ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። ለሁለት ሳምንት በደጃቸው ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ፤ እሳቸው ግን እየተነሱ ሰላም ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ጋሽ ገብሬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቀድሞ ሁለቱ ቡድኖች የየራሳቸውን ጥንግ ይዘው እየመጡ፣ በማን እንጫወት በሚለው ሲጨቃጨቁ ፀሐይ ታዘቀዝቅ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ የደካ ሰዎች ቦንጋ ሲመጡ በእኛው ጥንግ ይጫወታሉ። ዘንድሮም ዱላቸውን ብቻ ይዘው መጡ።