ሦስተኛው ሽቦ

ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አማን ከተማ ካለ በያጅ ዘንድ ላሜራ አስበይጄ ውስጡን በእጄ ገጠምኩት። ያኔ ሚዛን ቴፈሪ ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አምፕሊፋየሩን፣ ኪቦርዱንና ሚክሰሩን በአንድ የተሰነጠቀ ማከፋፈያ ላይ ደራርበው ሲሰኩ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ፊውዝ አደረግኩ። የመሬት ሽቦውን ከላሜራው ጋር አጥብቄ አሰርኩ፤ የተላጠ ገመድ ሳጥኑን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው ሳይሆን በዚያ ሽቦ እንዲሄድና ፊውዙ እንዲቃጠል ነው።

የመዘምራኑ መሪ በዕድሜ የሚበልጡኝ የቡና ነጋዴ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ፊውዝ ከተቃጠለ ይጥሩኝ። እንዳይነኩት።»

«እሺ፣ ቲቸር» አሉኝ።

አልጠሩኝም።

ክረምት ነበር፤ አንድ እሑድ ከሰዓት። አንዲት ዘማሪ ጭቃ የበላውን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሳጥኑን ልታስጠጋ ስትነካው ኤሌክትሪክ ያዛት። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንዱ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ። መዳፏ ተቃጥሎ ስለነበር ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

«የጠላት ውጊያ ነው፤ እንጸልይ» አሉ መሪው።

ካቻቢቴ አምጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩት። በአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ቦታ የማይቃጠል ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የመሬት ሽቦው ተቆርጦ ተጥሏል።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«ፊውዙ በየሳምንቱ እየተቃጠለ አስቸገረን። ከቴፒ ባለሙያ አስመጣሁ። ሦስተኛው ሽቦ ነው ችግሩ ብሎ ቆረጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።»

«ሰላም? ልጅቷን ሊገድላት ነበር እኮ! ምን ጠላት ይላሉ? ጠላቱ ይኸው፣ እርስዎ ያስቆረጡት ሽቦ ነው!»

«ሴት ልጅ በአዳራሽ እንዲህ አትጮህም።»

ይባስ ጮህኩ። ሕዝቡ ሁሉ ሰማኝ። እየጮህኩ እጄ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ ተከትሎ የላሜራው ቀዳዳ ላይ ደረሰ፤ አፌም ተዘጋ። ቀዳዳው ላይ ገመዱን ከላሜራው ስለት የሚጠብቅ ጎማ መግባት ነበረበት። ሳጥኑን ስሠራ ጎማ አጥቼ፣ በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ የሚጣበቅ ናስትሮ ጠቅልዬበት ነበር። ናስትሮው ተበልቶ የላሜራው ስለት ገመዱን ልጦታል። ፊውዙ በየሳምንቱ ይቃጠል የነበረው የኔን ስህተት እየተናገረ ነው። እነሱ አፉን ዘጉት።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስለ ናስትሮው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት።

«ቲቸር፣ ጋሼን ስትቆጪ በሕዝብ ፊት ነበር አሉ። የራስሽን ግን ለኔ በሹክሹክታ?»

ፊቴ ጋለ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ይኸው!» አሉ መሪው፣ ፊታቸው በርቶ። «እግዚአብሔር እውነቱን አወጣው።»

«ጋሼ፣ የኔ ስህተት የርስዎን አያጠፋም። የመሬት ሽቦው ቢኖር ልጅቷን ባልያዛት ነበር።»

አልሰሙኝም። ገበያ ውስጥ ቲቸሯ ራሷ አመነች እያሉ አወሩ። ሳጥኑን በጎማና በአዲስ ገመድ ሠርቼ መለስኩላቸው፤ ክዳኑን ግን ቆልፌ ቁልፉን ለሌላ ሰው አልሰጥም አልኩ። አምነውኝ ሳይሆን ሌላ ሳጥን ስላልነበራቸው ተቀበሉ። እኔም በዚያ ሰውዬ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም። በራሴ ላይ ያለኝማ ጭራሽ።