ጥግ ላይ ያለው ቀይ ክር

አብራኝ የምትሰፋውን ሴት «መቀስ» የምንላት ለሙያዋ አይደለም፤ ለምላሷ ነው። አንድ ቀን የልብስ መቁረጫውን ጠረጴዛ በጠመኔ ሞልታው አገኘኋት። ከታች የራሷን ስም ጽፋለች፤ ከላዩ የእናቷን፤ ከዚያ የአያቷን። ከአያቷ በላይ ግን ባዶ ነው።

«ዘር የሚቆጠረው ከትልቁ ሰው ተጀምሮ ወደ ታች አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ኮት የሚለካው ከለባሹ ነው» አለችኝ። «ከላይ የጀመረ ሁሉ ንጉሥ አያት አያጣም።»

የአያቷን እናት ስም የሚያውቅ በሕይወት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእናቷ ወንድም፣ የቤት ዕቃ ነጋዴው። እሱ ደግሞ እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ እንደነበረች ሲነሳበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ለጠየቀው ሁሉ «የባለጸጋ ዘር ነን» ነው መልሱ። ማስረጃው በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ጥጉ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ የማበጠሪያ ምስል አለ፤ «የዘራችን ማኅተም» ይለዋል።

እሁድ ተያይዘን አጎቷ ቤት ሄድን። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የሄድኩት ጠቡ እንዳያመልጠኝ ነው።

መቀስ ሳትቀመጥ ጨርቁ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ አጣቢዎች ከሌላ አጣቢ ልብስ ጋር እንዳይቀላቀልባቸው ጥጉ ላይ የየራሳቸውን ምልክት ይሰፉ ነበር። ይሄም ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ነው። ማበጠሪያው የአያቴ ምልክት ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ!»

«አላርፍም! ሳሙና በላጠው እጇ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንተ እፈርባት፤ እኔ አላፍርባትም!»

አጎቷ ተነሳ። ሊያባርረን ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። እሱ ግን ሄዶ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«መች ጠፋኝ» አለ። «ዓይኗ ሲደክም ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ‹የአጣቢ ልጅ› እያሉ ሲስቁብኝ ነው ባለጸጋውን የፈጠርኩት።»

እኔ ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። መቀስ ግን ከኪሷ ጠመኔ አወጣች።

«የሳቁትን ተዋቸው። የአያቴን እናት ስም ንገረኝ። አንተ ካለፍክ ማንን እጠይቃለሁ?»

ስሙን ነገራት። «እሷም አጣቢ ነበረች» አለ። «ማበጠሪያውም የሷ ነው፤ እናቴ ከሷ ወረሰችው።»

«ታዲያ ማኅተም ማለትህ እውነትህን ነው» አለችና ስሙን እዚያው መስታወቱ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ጎላ አድርጊው እንጂ» አለ አጎቷ። «ከበር ላይ ይነበብ።»