ኤርካሎ መርከብ ሊገዛ ነው

ሶዶ መናኸሪያ ገብታችሁ ኤርካሎ ሹፌሩን ብትጠይቁ፣ «የትኛው? ሰው የማይጭነው?» ይሏችኋል። ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል! ሰውዬው ግን ሰው ይጭን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሶዶ አረካ በአባዱላ ሚኒባስ ሲመላለስ መንገዱን ከነጉድጓዱ በቃሉ ይዞት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በ2006 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን ነው። አሥራ ሁለት ሰው በምትይዝ መኪና አሥራ ሰባት ጭኖ ሊወጣ ሲል ቦሼ የምትባል ቅቤ ነጋዴ እየሮጠች ደረሰች። ገበያው ሊያመልጠኝ ነው ብላ ለመነችው። ኤርካሎ ደግሞ የሰው ልመና አይችልም፤ አንጀቱ ቶሎ ይላወሳል። ጠጋ ጠጋ በሉላት አለና በሩ ሥር ተቀመጠች። ኩርባው ላይ በሩ ተከፈተ። ቦሼ እዚያው ሞተች።

ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ቤተሰቦቿም በሽማግሌ ይቅር አሉት። እሱ ግን ራሱን ይቅር አላለም። ከዚያ ወዲህ አይሱዙ ላይ ተቀጥሮ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር፣ ስኳር ድንችና ሲሚንቶ ነው የሚጭነው። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ሲሚንቶ ቢወድቅ ለቅሶ አይቀመጡለትም ይላል።

የኮምፒውተር ጌም ያስለመደው ቤኒ ነው፣ የሚስቱ የፋና ታናሽ ወንድም። ቤኒ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዱን ማሽን ለኤርካሎ ይለቅለታል። ጌሙ የጠፈር ነው። ተጫዋቹ በመርከቡ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው ዕቃ እያመላለሰ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሲሞላለት የተሻለ መርከብ ይገዛል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ጌም ላይ ተጥዶ ሲውል ማየት ያስቃል፤ ፋናም ስቃበታለች። ኤርካሎ ግን ዓመት ሙሉ በዚያ ሰማይ ብረትና እህል ሲያመላልስ ከረመ። አንዲት ኩንታል አልጎደለችበትም። የራሱን የዕቃ መርከብም በሶዶው ተራራ ስም «ዳሞታ» ብሎ ሰይሟት ነበር።

በ2009 መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቤኒ የመርከብ መሸጫውን ገጽ ከፍቶ አሳየው። የሰው መጫኛ መርከብ ነው፤ ነጭ፣ ባለ መስኮት፣ ባለ አሥራ ሁለት ወንበር። ቤኒ እንደ ደላላ ምላሱ ተፈታ። ከዕቃ ይልቅ ሰው መጫን በጣም እንደሚያዋጣ፣ «ዳሞታ» ከተሸጠች ዋጋው ልክ እንደሚሞላ ሁሉንም አስረዳው። ኤርካሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ቢሞቱስ?»

«ጌም እኮ ነው ጋሼ። እንደገና መጀመር ነው።»

ኤርካሎ ተነስቶ ወጣ። ቤኒ ምን እንደተናገረ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ምላሱን ቢነክስ ምን ሊረባው።

የሚገርመው ኤርካሎ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ገጹን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጌም መርከብ ለመግዛት እንዲህ የተጨነቀ ሰው በወላይታ ምድር የለም። በሬ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ጥርስ እንደሚያይ ወንበሮቹን አንድ በአንድ መረመረ። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትና በምን እንደሚቆለፍ ሳይቀር ቤኒን አስጨንቆ ጠየቀው።

በዚህ መሃል የድሮ አሠሪው ጋሽ አንጁሎ ላከበት። የአባዱላው ሹፌር ለቆ ሄዶ መኪናው ቆሟል፤ ለአረካ መስመር እንዳንተ ያለ ሰው የለኝም፣ ሰኞ ውጣልኝ አለው። ኤርካሎ እስከ እሑድ ላስብበት አለ። ፋና አልገፋችውም፤ አይሱዙው ይዞት እየሄደ ስንት ቀን ከቤት ውጭ እንደሚያሳድረው ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ቤኒ ሱቅ የገባው ለጨዋታ አልነበረም። እዚህ ጌም ላይ ሰው መጫን ካቃተኝ የአረካን መንገድ አልረግጠውም ብሎ ቆርጧል። «ዳሞታ»ን ሸጠ፣ የሰው መርከቡን ገዛ። የመጀመሪያውን ጉዞ ከፈተ።

ስምንት መንገደኛ ተሳፈረ፤ አራት ወንበር ባዶ ነው። ኤርካሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ። መንገደኞቹ ተቆጡ፤ ሁለቱ ወረዱ፣ ቀጥሎ ሌሎች ሁለት። ቤኒ ለምን አይነሱም ቢለው፣ አልሞላማ ብሎ መለሰለት። ቤኒ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። የጠፈሩ መርከብ መነሳት ያለበት በሰዓቱ ነው እንጂ እንደ ሶዶ መናኸሪያ እስኪሞላ አይጠብቅም! ኤርካሎም በራሱ ሳቀና የቀሩትን አራቱን ይዞ ተነሳ። የዘጠኝ ዓመት ልማድ መቼ በአንድ ቀን ይለቃል።

በሁለተኛው ጉዞ አሥራ ሁለቱም ወንበር ሞላ። አንድ ሌላ መንገደኛ ልሳፈር ብሎ ጠየቀ፤ ኤርካሎ ሳያስበው እሺ የሚለውን ተጫነ። ጌሙ «ቦታ የለም» አለው። ደግሞ ተጫነ። «ቦታ የለም» አለው። ሦስተኛ ሊጫን ሲል ቃሏን እንደገና አነበባት። በዚያ ሁሉ ዓመት ይቺን ቃል ከባለመኪናም፣ ከተራ አስከባሪም ሰምቷት አያውቅም። ከገዛ አፉም አልወጣችም። እንባው መጣ። ቤኒ አይቶ እንዳላየ የሚጠግነው ኮምፒውተር ላይ አቀረቀረ። ኤርካሎ ፊቱን ጠርጎ መርከቡን አስነሳ፤ አሥራ ሁለቱንም በሰላም አደረሰ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጋሽ አንጁሎን ጥግ አስይዞ ቁርጡን ነገረው። ሰው ይጭናል፣ ግን በወንበር ልክ ብቻ። ጋሽ አንጁሎ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ የነዳጁንና የጎማውን ውድነት አነሳ። ኤርካሎ ፍንክች አላለም። በመጨረሻ አንድ ወር ሞክረው ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ተራው ደረሰ። አሥራ ሁለት ሰው ገባ፤ በሩን ዘግቶ መቆለፉን ሁለት ጊዜ አየ። ሞተር ሲያስነሳ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አማቱ! እማማ አስካለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አረካ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አማቱን መሬት ላይ አቁሞ የሚሄድ አማች በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ተሳፋሪው እንኳን ማንም ሳያዘው ጠጋ ጠጋ አለ፤ አንዱም በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ኤርካሎ ከለከለውና ወረደ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እማማ፣ ቦታ የለም። የሚቀጥለውን ይያዙ።»

በአካባቢው የነበረ ሁሉ ሰማ። ወሬው እሱን ቀድሞ ፋና ዘንድ እንደሚገባ ያውቃል። ፊቱ በኀፍረት እየጋለ ተመልሶ መሪውን ጨበጠና ወጣ።

አረካ አሥራ ሁለቱን አውርዶ ወረፋ ያዘና አማቱን ቆሞ ጠበቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሌላ መኪና ወረዱ። ይረግሙኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያኔም እንዲህ ጨክነህ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ» አሉት።

እማማ አስካለች ወደ ለቅሶው ሄዱ። እሱም ተራው ደርሶ ስለነበር በሩን ከፈተና የሚገቡትን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥር ጀመር።