ዋይፋዩ የተነቀለ ዕለት

የሥራ ባልደረባዬ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዋይፋይ ፓስወርድ ነው፤ ውሃ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የጤና ጣቢያዎችን የክትባት ማቀዝቀዣ አብረን እየዞርን ስንጠግን ዓመታት አልፈዋል። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ መፍቻውን ይይዛል። በዚህ አገር ያለውን ሆቴል ሁሉ የሚያውቀው በኢንተርኔቱ ነው። «ይሄኛው ትኋን አለው ጋሼ፣ ግን ይፈጥናል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጦ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ደሜ ይፈላል። በዚህ ስንጨቃጨቅ መንገዱ ያልቅልናል።

ያን ሰሞን ከጌጫ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ሳምንት ሰንብተን ከሰዓት በኋላ ቴፒ ገባን። ስልክ ይሠራል፤ የሞባይል ኢንተርኔቱ ግን ከሰሞኑ ተኝቷል አሉን። ስለዚህ ተማሪውም ነጋዴውም ዋይፋይ ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ ተሰብስቧል። ባልደረባዬ ሚዛን ተፈሪ ያሉት እናቱ ጋ ደወለ። ጠራ፤ አልተነሳም። «ስልኩን ቤት ጥላ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው» አለና ሊታጠብ ወደ ክፍሉ ገባ። ከጌጫ ገበያ የገዛላቸውን ነጭ ማር በጀሪካን እንዳንጠለጠለ ነው የገባው፤ መኪና ውስጥ መተው እንኳ አልወደደም።

እሱ ሲታጠብ የእኔ ስልክ ጮኸ። ታላቅ ወንድሙ ነበር።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?»

ብቻዬን ነኝ አልኩት።

«እናታችን ዛሬ ጠዋት አረፈች። ቀብሩ ነገ ነው። አሁን አያምጡት፤ ነገ በማለዳ በሽማግሌ እናረዳዋለን። አደራዎን፣ ስልኩን እንዳይከፍት። ልጆቹ ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ ለጥፈውታል፤ ብንቆጣም የሚያወርደው ጠፋ።»

እናቱን አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር «ልጄን ቀስ ብለህ ንዳልኝ» ይሉኝ ነበር። መርዶ ደግሞ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ ከግራም ከቀኝም ተዘጋጅቶ ነው። እናቱ የሞተችበት ሰው በባዕድ ከተማ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከስልክ ላይ አያነብም። ፓስወርዱ ግን ከባንኮኒው በላይ በካርቶን ተጽፎ፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ተሰቅሏል።

አስተናጋጇን ወደ ጓሮ ጠራኋት። ሰበብ ልፈጥር አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝምና እውነቱን ነገርኳት።

አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «የአባቴን ሞት እኔ የሰማሁት በስልክ ነው» አለች፤ «መናኸሪያ ውስጥ፣ ብቻዬን።» ገባችና የዋይፋዩን ሣጥን ከግድግዳው ነቀለችው። ካርቶኑንም አውርዳ ከባንኮኒው ሥር ከተተችው።

በረንዳው ወዲያው ተንጫጫ። አንዱ ተማሪ ምዝገባዬ ሊያመልጠኝ ነው አለ። አንድ ወፍራም የቡና ነጋዴ ደግሞ የናሙና ፎቶ እየላከ ነበርና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። አስተናጋጇ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረች፣ ጎንበስ እያለች በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ተማሪው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከመካከላቸው ባልደረባዬን የሚያውቅ አልነበረም።

ባልደረባዬ ፀጉሩ ሳይደርቅ ብቅ አለ። «ፓስወርዱስ?»

እኔ ውሸት ስፈልግ ነጋዴው ቀደመኝ። «መስመሩ ተቆርጧል፣ ወንድሜ። ከሰሞኑ እንዲህ ነው። ይልቅ ና፣ ብቻዬን እየበላሁ ነው፤ ና እንብላ።»

ትሪው ገና አልተነካም ነበር። ባልደረባዬ ተቀመጠ። ነጋዴው ያጎርሰዋል፤ ተማሪዎቹ ያጫውቱታል፤ አስተናጋጇ ሳይጠየቅ ትጨምርለታለች። ሳምንቱን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የሰነበተ ሰው ነው፤ ደስ ብሎት በላ። «የቴፒ ሰው እንዲህ ነው እንዴ!» አለኝ እየሳቀ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ወደ ሚዛን ወጣን። በሸኮ በኩል፣ በቡናው ጫካ መሀል ስንወርድ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። «ዛሬ ምን ሆነሃል ጋሼ፣ አትሳደብም?» አለኝ። ጥርሴ አመመኝ አልኩት። ጀሪካኑን በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞታል።

ሚዛን መግቢያ ላይ፣ ከእናቱ ቤት ቀድሞ ባለው ጎረቤት ደጅ፣ ወንድሙና ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። መኪናውን ሳቆም ባልደረባዬ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን አቀፈ። በአራት ሰው እጅ ነው የወረደው።

ከቀብር መልስ በእናቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ጎኑ ተቀምጬ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮህ ጀመር። አንድ ጊዜ ጀምሮ አላቆም አለ። የእናቱን ቤት ዋይፋይ ያስገባው ራሱ ነው፤ ድምፃቸውን እየቀዱ እንዲልኩለት ብሎ። ስልኩም ቤቱን ያውቀዋል፤ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ተያያዘ። ሊያጠፋው አወጣው፤ ግን አላጠፋውም። ከ«ነፍስ ይማር»ዎቹ ሁሉ ሥር፣ ከሁለት ቀን በፊት የተላከ የእናቱ የድምፅ መልእክት ነበር።

ከፈተው።

«ልጄ፣ ምንም አይደለም፤ ድምፅህ ናፍቆኝ ነው። ኔትወርክ ያገኘህ ቀን መልስልኝ።»

በረንዳው ላይ የደበቅሁበት መርዶውን ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸውንም ጭምር ነው የደበቅሁበት። ቴፒ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ድምፅ ገና በሕይወት እንዳሉ አምኖ፣ እየሳቀ ይሰማው ነበር፤ ከዚያ ግን ቀጥሎ ያለውን ፎቶ ብቻውን ያየው ነበር። ደግ አድርጌ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፤ በወዲያ በኩል የወንድሙ እጅ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ አልሰማውም። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ መቅጃውን ተጫነ።

«መጣሁ እማዬ» አለ። «ማርሽን ይዤ መጣሁ።»

ላከው። ከቤት ውስጥ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል፣ የእናቱ ስልክ ጮኸ።