ሜዳ ላይ የማይጠራ ስም፦ ከባሕር ዳር እስከ ዳባት

ሐሙስ፣ ግንቦት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከባሕር ዳር ተነሣን። በኮስተሩ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ተጫዋቾች፣ አሰልጣኙ አቶ ደምሴ፣ ሾፌሩ አያ መኮንንና እኔ አለን። እኔ የኮሌጁ ሬጅስትራር ስሆን፣ ለዚህ ጉዞ የቡድን መሪ ተብያለሁ። የምንሄደው ጎንደር ላይ ለሚካሄደው አገር አቀፍ የኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ነው። ከየምድቡ ያለፍነው አራት ኮሌጆች ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን በሦስት ቀን እንጨርሳለን።

የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ውሃው ገና አመድ ይመስል ነበር። ተጫዋቾቹ እስከ ወረታ ተኙ።

እንፍራንዝ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15። ለቁርስ ቆምን። እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦ ሠላሳ አምስት ብር፣ ሻይ አምስት ብር። ከኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል።

«ያን ግንብ ያሠራው ንጉሥ ቁመቱ ስንት ነበር?» አለች አንዷ ተጫዋች።

«ካንቺ ያጥራል፤» አላት አያ መኮንን። «አንቺን ቢያይማ ግንቡን ትቶ አንቺን ያቆም ነበር።»

ከሁሉም ረጅሟ ይታይሽ አልሳቀችም። ዳቦዋን በእኩል ቁራጭ እየቆረሰች ትበላለች። በሚቀጥለው ወር ተመራቂ ናት፤ ትውልዷ ከዳባት በላይ ካለ የገጠር ደብር ነው።

ጎንደር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20። በአዘዞ በኩል ገባን። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ተከራይተን ያረፍንበት ቤት ንጹሕ ነው፤ ውሃው ግን የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ። ስለ ቀሪው ቀን የሚጻፍ ነገር የለኝም፤ ልጆቹ ልምምድ ሠርተው ዐረፉ።

አርብ፣ ግንቦት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ግማሽ ፍጻሜ። አዳራሹ በተማሪዎች ተሞልቷል። በዚህ ውድድር ደንብ መሠረት አስተዋዋቂው የቋሚ ተጫዋቾችን ስም ከዝርዝሩ እያነበበ ሲጠራ፣ የተጠራችው ተነሥታ ወደ ሜዳው መሐል ትሮጣለች። አራቱ የእኛ ልጆች ሮጡ። አምስተኛው ስም ተጠራ፤ የሚነሣ ጠፋ። ደግሞ ተጠራ። የእኛ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ የሚባል ሰው በመካከላቸው አያውቁም። ይታይሽ አግዳሚው ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ደምሴ ትከሻዋን ይዞ ገፋት፤ ገባች። አምሳ አንድ ለአርባ ስድስት አሸነፍን፤ ከነጥቡ ሃያውን ያስቆጠረችው እሷ ናት።

የተጠራው የክርስትና ስሟ ነበር። እዚህ አልጽፈውም።

ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የውድድሩ መመሪያ «ስም በቀበሌ መታወቂያ ላይ እንዳለው ይሞላ» ይላል፤ እንዳለው ሞላሁት። ይታይሽ መታወቂያ ባወጣች ጊዜ በእጇ የነበረው የልደት ማስረጃ የጥምቀት ወረቀት ብቻ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ስም ገለበጠ። የኮሌጅ መታወቂያዋ ደግሞ «ይታይሽ» ይላል። ልዩነቱን ስሞላ አይቼዋለሁ። ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

አመሻሽ፣ 11 ሰዓት ተኩል። በሌላው ግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ወይዘሮ ፀሐይ የጽሑፍ ተቃውሞ አስገባች፤ ከተመልካች ወንበር ሆና ሁሉን አይታለች። «በዝርዝሩ ያለችው ተማሪና የተጫወተችው ልጅ አንድ አይደሉም» ይላል ጽሑፉ። የቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይታይሽን አስጠርቶ፣ ፎቶው የደበዘዘውን የቀበሌ መታወቂያ ከኮሌጁ ጋር አስተያይቶ፣ በስድስት ሰው ፊት የቀበሌውን እያሳየ ጠየቃት።

«ይህ ስም የአንቺ ነው?»

ዝም አለች።

«አፍ የለሽም እንዴ?» አለ ደምሴ። «ነው በይ!»

አላለችም። ሰብሳቢው ዝምታዋን በቃለ ጉባኤው አስመዘገበና ውሳኔውን አነበበ። እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ ካልተረጋገጠ ቡድኑ ከፍጻሜው ይሰረዛል፤ ተጫዋቿም በሌላ ሰው መታወቂያ ተጠቅማለች ተብሎ ለኮሌጇ ይጻፋል። ይህ ደብዳቤ የአንዲትን ተማሪ ምረቃ እንደሚያግድ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች የሚደርሱት ለእኔ ቢሮ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ምክንያቷን ጠየቅኋት።

«እማየ እንኳ ሰው ፊት አትጠራውም፤» አለችኝ። «ለማያውቁኝ ሰዎች እንዴት ልስጠው?»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ይታይሽና እኔ በአያ መኮንን መኪና ወደ ሰሜን ወጣን። ያጠመቋት ቄስ በሕይወት አሉ፤ መዝገቡም በእጃቸው ነው።

ኮሶዬ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ሸፈነው። አያ መኮንን መብራት አብርቶ በዝግታ ነዳ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ባሕር ዛፍ የተሸከሙ አህዮች፣ ጋቢ የተከናነቡ ገበያተኞች፣ የገብስ ማሳ። ቀዳሚት ሰንበት በመሆኑ የሚያርስ ሰው አይታይም፤ በሬዎቹ ያለ ቀንበር ይግጣሉ።

«ትናንት እንዴት ተጫወተች?» አለኝ ሾፌሩ።

«ሃያ ነጥብ።»

«ሃያ! ምነው ታዲያ ፊቷን የተቀጣ ሰው አስመሰለችው?»

«አያ መኮንን፣ መንገዱን እይ፤» አለች ይታይሽ።

ከዳባት በላይ፣ 3 ሰዓት ከ50። ከአስፋልቱ ወጥተን በጠጠር መንገድ አርባ ደቂቃ ሄደን፤ የቀረውን በእግር ወጣን። እናቷ ከደብሩ ቅጥር በር ላይ አገኙን። የመጣንበትን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው እትየ፣ የተማራችሁ አይደላችሁ? የክርስትና ስም በማይክራፎን ይበተናል?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤» አልሁ። «ሳልጠይቃት ጻፍሁት።»

«ኳስ ቅርጫት ውስጥ ለመክተት ይህ ሁሉ ጣጣ! እኛ ስንት ቅርጫት ሞልተን እናወርዳለን፤ ማንም ስማችንን አይጠይቅም።»

ያጠመቋት ቄስ አባ ተገኝ ከደጀ ሰላሙ ወጡ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ አምጥተው በጣታቸው ፈለጉና አንድ መሥመር ላይ ቆሙ። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የአባት፣ የክርስትና እናት፤ ሁሉም አለ።

«አባ፣ ሊጽፉላቸው ነው?» አሉ እናቷ።

«ሰው ማወቁ ኃጢአት አይደለም፤ መታወቂያው ላይ ካደረ ወዲያ ማን ያጠፋዋል? መጥራቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ስም የሚጠራው ስትቆርብ ነው፤ ኋላም በፍትሐት። ሜዳ ላይ በጭብጨባ አይጠራም።»

ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉት። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሰው መሆናቸውን መሰከሩ፤ ከታች «ይህ ስም በአደባባይ እንዳይጠራ እለምናለሁ» የሚል ጨመሩበት። የደብሩን ማኅተም መቱና አሽገው ሰጡኝ።

እናቷ ድንችና የገብስ እንጀራ አቀረቡልን። ስንለያይ የልጃቸውን እጅ ይዘው «ደግመው ቢጠሩሽስ?» አሏት።

«አልነሣም፣ እማየ። እንደ ትናንቱ ቁጭ እላለሁ። አሁን ግን የሚገፋኝም የለም።»

«ሸጋ፤» አሉ።

ስንወርድ ቁርጡን ነገርኋት፤ ደብዳቤው ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ የተጠራች ተጫዋች ካልተነሣች አትገባም። «አውቃለሁ» አለች። ማታ ጎንደር ስንደርስ ደምሴ ያለ እሷ የሚጫወቱትን አምስት ልጆች በወረቀት ላይ እየደረደረ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ይታይሽ ከቅዳሴ በቀጥታ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ሰብሳቢው ማኅተሙን አይቶ ፖስታውን ከፈተ፤ ደብዳቤውን አንብቦ ለወይዘሮ ፀሐይ አሳለፈው። እሷም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የክርስትና ስም መሆኑን ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገራችሁንም?» አለች።

«ብትጠየቂ አንቺ ትናገሪ ነበር?» አልኋት።

ደብዳቤውን አጠፈችው። «አልናገርም።» ተቃውሞዋን ማንሣቷን ተናገረች።

ሰብሳቢው ግን መመሪያውን ገለጠ። «ዝርዝር ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ አይለወጥም። አስተዋዋቂው በተጻፈው ስም ይጠራታል። ትነሻለሽ?»

«አልነሣም፣ ጋሼ።»

ደምሴ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በመለያ ቁጥሯ ይጥሯት፤» አለች ወይዘሮ ፀሐይ። «ቁጥሩም እዚያው ዝርዝሩ ላይ አለ።»

«አንዷን ብቻ በቁጥር ብንጠራ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። ያው እሷን ማጋለጥ ነው፤» አለ ሰብሳቢው።

«እንግዲያው የእኔዎቹንም በቁጥር ጥሯቸው። ያሠለጠንኋቸው በስማቸው እንዲጠሩ ብዬ አይደለም። እሷን አሰልፉልኝና በሜዳ ላሸንፋት።»

ሰብሳቢው ግራና ቀኝ ያሉትን አባላት አማከረ። 3 ሰዓት ከ35 ላይ ጸሐፊው ውሳኔውን ጻፈ፤ ግልባጩ እጄ ላይ ነው። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ተማሪ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ለኮሌጁ የሚጻፍ ነገር የለም፤ በዛሬው የፍጻሜ ጨዋታ የሁለቱም ቡድኖች ተጫዋቾች በመለያ ቁጥራቸው ብቻ ይጠራሉ።