ከሽንኩርት ሥር የተጫነው መዝሙረ ዳዊት

ዘውዴ ሰውን እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሸዋሮቢት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ፒክአፑ ባዶ ስትሄድ ያየ ሁሉ ዕቃውን ይጭንባታል። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ እያስተረጎመ የሚያሰራጭ ድርጅት ተቀጥሮ መጻሕፍቱን በየቆላው መንደር ያደርሳል።

በዚያ ሳምንት የያዘው በብሬል፣ በጣት በሚዳሰስ ነጠብጣብ የታተመ፣ ትራስ የሚያህል መዝሙረ ዳዊት ነበር፤ ማጀቴ ከተማ ለሚኖሩት ለእትዬ አበራሽ። እትዬ አበራሽ ዓይነ ስውር ናቸው። በልጅነታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በጣት ማንበብ ተምረዋል፤ የነበራቸውን መጽሐፍ ምስጥ ከበላው ወዲህ ግን አንድ ገጽ ዳሰው አያውቁም። ጎረቤት «እውነት በጣት ይነበባል?» እያለ ሲያሾፍባቸው፣ «መጽሐፌ ይምጣና ታያላችሁ» ይሉ ነበር።

መንገዱ ላይ ጀውሃ ሲደርስ የአጎቱ ልጅ ሙሉቀን አስቆመው። «ትንሽ ሽንኩርት ናት፤ ማጀቴ ገበያ ጣልልኝ!» ዘውዴም ያው ዘውዴ ነውና አስጫነ። ኬሻው ሁሉ የመጽሐፉ ካርቶን ላይ ተከመረ።

ማጀቴ ደርሶ መጽሐፉ ሲከፈት የእትዬ አበራሽ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። እትዬ አበራሽ አማተቡና ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ዘውዴ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ነጠብጣቦቹ ተደፍጥጠው ወረቀቱ ልሙጥ ሆኗል። የሽንኩርቱ ኬሻ ትዝ አለው።

«ጣቴ ሞቷል መሰለኝ» አሉ እትዬ አበራሽ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ሳቋን ዋጠች።

«ዕድሜ ነው እትዬ፤ ቀስ እያለ ይመለስልዎታል» አለ ዘውዴ። አለ! ምላሱ በተቆረጠ ይሻለው ነበር።

ከማጀቴ እንደተመለሰ ለአለቃው እውነቱን ተናግሮ ሌላ ቅጂ አስመጣ። አለቃው ፊት መናገሩስ ቀላል ነበር፤ የከበደው የሴትየዋ ደጅ ነው።

እትዬ አበራሽ አዲሱን መጽሐፍ ሊነኩት አልፈለጉም። «ለሌላ ስጠው ልጄ። ጣቴን ሙቅ ውሃ ስነክር፣ በቅቤ ሳሽ ከረምኩ፤ አልሆነም።»

ዘውዴ እግራቸው ላይ ወደቀ። የሽንኩርቱን ነገር ነገራቸው፤ «ዕድሜ ነው» ያለውም እያወቀ መሆኑን ነገራቸው።

እትዬ አበራሽ እጃቸውን ዘረጉ። የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ዳሰሱ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እንባቸው ወረደ። ዘውዴ ምሕረት ያገኘ መስሎት ቀና አለ።

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉት። «እኔ ግን ያፈርኩት ሰው ፊት ነው። ውጣና ጎረቤቶቼን ጥራልኝ፤ አንድም እንዳይቀር። መጀመሪያ አንተ ትናገራለህ፤ ከዚያ እኔ አነባለሁ።»

ዘውዴ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ደጅ አንኳኳ።